ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያትና የጨርጨር አፈር

በ1928 ዓ.ም. የሚያዝያ ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የጅቡቲ ከተማ በኢትዮጵያውያን ስደተኞች ተጨናንቃ ነበር። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ወደ አዲስ አበባ በመቃረቡ ከመሐል አገር የሚወርደው ባቡር መኳንንቱንና ቤተሰባቸውን ጭኖ ወደ ባሕር ዳርቻው ይደርስ ነበር። ሚያዝያ 26 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ኢንተርፕራይዝ በምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደቡን ለቀው ሄዱ። በማግሥቱ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች።

በዚያ የመከራ ዘመን አገራቸውን ለቀው በጅቡቲ ከተጠለሉት ኢትዮጵያውያን አንዱ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ሁለት ዓመት ተጠግቶ ነበር። እስከዚያች ቀን ድረስ የመድፈኛ መኮንን፥ የቴአትር ደራሲ፥ አገረ ገዥ፥ የገንዘብ ሚኒስትር፥ የሕገ መንግሥት አርቃቂ፥ በፓሪስና በጄኔቭም የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው አገልግለዋል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ማዕረግ አገር በሌለበት ወደብ ላይ የሚያወጣው ዋጋ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከሚወጡ ይልቅ በአገራቸው ውስጥ ሆነው ቢዋጉ ይሻላል ከሚለው ወገን ስለ ነበሩም ከቤተ መንግሥቱ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ሻክሯል።

ጅቡቲ እርሻ ለሚያውቅ ሰው የምትመች ከተማ አይደለችም። ፈረንሳዮች በ1880 ዓ.ም. ገደማ ሲቆረቁሯት የመረጧት ስለ መሬትዋ ሳይሆን ስለ ባሕርዋ ነበር። ከተማዪቱ ያረፈችው ከባሕሩ ብዙም ከፍ በማይል የኮራል ድንጋይ ላይ ነው። በስተጀርባዋም እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ቋጥኝ ተዘርግቷል። የዓመቱ ዝናብ ሁሉ ቢደመር 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። ከከተማዪቱ በስተደቡብ አምቡሊ የሚባል ደረቅ ወንዝ አለ። ውኃ የሚታይበት በድንገት ጎርፍ ሲወርድበት ነው። ጎርፉ አምጥቶ በጣለው ደለል ላይ፥ ከጉድጓድ በሚቀዳ ውኃ፥ ተምርና አትክልት የሚያበቅሉ ጥቂት የጓሮ እርሻዎች ነበሩ። ከዚህ በቀር ከተማዪቱ የምትበላው አትክልትና ፍራፍሬ፥ ነዋሪውም የሚቅመው ጫት በአብዛኛው የሚመጣው ከሐረርጌ ደጋ ነበር። ስለዚህ በጅቡቲ ገበያ የሚቆም ሰው፥ ምንም እንኳ በዙሪያው አፈር ባያይ፥ በሩቅ ያለውን የደጋ አፈር ፍሬ ያይ ነበር። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ደግሞ ያንን ደጋ ያውቁት ነበር፤ ገዝተውታልና።

ተክለ ሐዋርያት የተወለዱት በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፥ ሠያ ደብር በተባለው አገር ነው። አካባቢው ከጥንት ጀምሮ የታረሰ፥ ገብስና ስንዴ፥ ባቄላና አተር የሚበቅልበት ብርዳም ደጋ ነው። ሕፃንነታቸው ከክፉ ቀን ጋር ተገጣጠመ። ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታ የኢትዮጵያን በሬዎች ፈጀ፤ ድርቅና አንበጣ ተከተለ፤ ማረሻ የሚጎትት ጠፍቶ እርሻው ጦም አደረ። ሕዝቡ በረሃብና በወረርሽኝ አለቀ። ይህ ሁሉ የሆነው ተክለ ሐዋርያት ገና አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ነው። በዚያ ዘመን ነፍስ ያወቀ ልጅ፥ ማሳ ያለ በሬ ምን እንደሚመስል፥ ጎተራም ሲራቆት በቤተሰብ ላይ ምን እንደሚመጣ ከማንም መምህር መስማት አያስፈልገውም ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ አድዋ ሲዘምቱ ተክለ ሐዋርያትም ገና ልጅ ሳሉ ከሠራዊቱ ጋር ተጓዙ። ከድሉ በኋላ ከሩሲያውያን ጋር ለትምህርት ወደ ሩሲያ ተላኩ። ባሕር ተሻግረው፥ ቋንቋ ለውጠው፥ በባዕድ ቤተሰብ መካከል አድገው፥ በመጨረሻ በሴንት ፒተርስበርግ ስመ ጥር በሆነው የሚካኤሎቭ መድፈኛ ትምህርት ቤት ተምረው መኮንን ሆኑ። በሩሲያ የቆዩት ከአሥር ዓመት በላይ ነው። አሳዳጊያቸው ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ሲሞቱ እርሳቸው ገና በሰው አገር ነበሩ።

ተክለ ሐዋርያት ወደ ሩሲያ የደረሱበት ጊዜ ለእርሻ ታሪክ ልዩ ግምት የሚሰጠው ነው። ከአምስት ዓመት በፊት፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1891 እና በ1892፥ ሩሲያ በከባድ ድርቅና ረሃብ ተመታ ነበር። በዓለም እጅግ ለም ከሚባሉት አንዱ የሆነው የሩሲያ ጥቁር አፈር እያለ ሕዝቡ መራቡ ምሁራኑን ሁሉ አስገረመ። ቫሲሊ ዶኩቻዬቭ የሚባለው ሊቅ ይህን አፈር አስቀድሞ ሲመረምረው ቆይቶ፥ አፈር ማለት ተፈጭቶ የተከማቸ ድንጋይ ብቻ እንዳልሆነ፥ ከአየር ጠባይ፥ ከዕፅዋት፥ ከእንስሳት፥ ከመሬቱ አቀማመጥና ከዘመን ርዝመት የሚወለድ ራሱን የቻለ የተፈጥሮ አካል እንደሆነ አስረድቷል። ሣሩ ተገፎ፥ ደኑ ተመንጥሮ፥ ሸለቆው ሁሉ ሲቦረቦር አፈሩ ውኃ የመያዝ ኃይሉን እንደሚያጣና ድርቁም በዚያው መጠን እንደሚከፋ አመለከተ። ዛሬ የአፈር ሳይንስ የሚባለው ዕውቀት የተወለደው በዚህ አገርና በዚህ ዘመን ነው። ተክለ ሐዋርያት የተማሩት መድፍ እንጂ አፈር አልነበረም፤ ያደጉት ግን ለም መሬት ያለው ታላቅ መንግሥት በእርሻ ጉድለት ሲቸገር ባየ ትውልድ መካከል ነው። ኋላም የእርሻን ነገር በአውሮፓ ለማጥናት መነሣታቸው፥ የጦር ትምህርት ብቻውን ለአገራቸው እንደማይበቃ መረዳታቸውን ያሳያል።

በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ወደ አገራቸው ተመልሰው ለጥቂት ጊዜ ከቆዩ በኋላ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው ነበር። ለሁልጊዜው ሲመለሱ የጠበቃቸው የፖለቲካ ትግል የበዛበት ዘመን ነው። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ ከለውጡ ደጋፊዎች አንዱ ነበሩ። ጅጅጋን ሲገዙ ከተማዪቱ ቀጥ ባለ መንገድና በየመልኩ በተከፈለ ቦታ እንድትሠራ አደረጉ። በአማርኛ የመጀመሪያው ቴአትር የሚባለውን፥ በእንስሳት ተረት አስመስለው የዘመኑን አስተዳደር የነቀፉበትን ድርሰት የጻፉትም በዚሁ ዘመን ነው። ቴአትሩ በመኳንንቱ ፊት ከታየ በኋላ ተከለከለ። ነቀፌታው ዒላማውን አልሳተም ማለት ነው።

የተክለ ሐዋርያት ስም ከመሬት ጋር በቅርብ የተያያዘው ግን በጨርጨር ነው። በ1910ዎቹ ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ለሌሎቹ ግዛቶች ምሳሌ የሚሆን አውራጃ ለማቋቋም ሲያስቡ የተመረጠው ጨርጨር ሆነ። አስተዳዳሪውም ተክለ ሐዋርያት ነበሩ። አሰበ ተፈሪ የተባለችው ከተማ የአውራጃው መቀመጫ ሆነች። ጨርጨር የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። የምድር ባቡር ከተራሮቹ ግርጌ ያልፋል፤ ከደጋው የሚለቀመው ቡና በአጋሰስ ወርዶ በባቡር ይጫንና በጅቡቲ ወደብ በኩል ወደ ውጭ አገር ይሸጣል። ጥሩ አስተዳደርና ጥሩ እርሻ ከተገናኙ ለመንግሥት ገቢ የሚያመጣ፥ ለሕዝብም ምግብ የሚተርፍ አገር ነበር።

ጨርጨር ምን ዓይነት አገር እንደሆነ ጥቂት መግለጥ ያስፈልጋል። የጨርጨር ተራሮች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እንደ ቤት ጣራ ተዘርግተው ውኃን በሁለት ይከፍላሉ። በሰሜኑ ተዳፋት የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል፤ በደቡቡ የወረደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ይፈስሳል። አዋሽ ረጅም መንገድ ተጉዞ፥ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፥ ከባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው የአቤ ሐይቅ ያልቃል። እንግዲህ ከደጋው ታጥቦ የሚሄደው አፈር ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ ይጓዛል እንጂ ለጅቡቲ እርሻ አይሆንም። በቆላው መንገድ ላይ ይቀራል፤ አለዚያም በጨዋማ ሐይቅ ውስጥ ይሰምጣል። ከደጋ የሚወጣው ቡናና አትክልት በባቡር ሲሄድ ዋጋ ያስገኛል፤ ከደጋ የሚወጣው አፈር ግን በጎርፍ ሲሄድ ለማንም አይከፈልበትም።

የጨርጨር ገበሬ፥ በተለይም ከጥንት ጀምሮ በዚያ የኖረው የኢቱ ኦሮሞ፥ ማሽላና በቆሎ ይዘራል፤ በመካከሉም አደንጓሬ ያሰባጥራል። ቡናና ጫት በተዳፋት ላይ ይተክላል። ድንጋይ ከማሳው ለቅሞ በአግድም እየካበ እርከን ይሠራል። ይህ ልማድ ማንም ባለሥልጣን ሳያዝዘው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የመጣ ነው። የካቡ ጥቅም ቀላል ሆኖ ትልቅ ነው። ቁልቁል የሚሮጠው ውኃ ካቡ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የተሸከመውን አፈር ከካቡ በላይ ያስቀምጣል፤ ራሱም ወደ መሬት ይሰርጋል። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ከካቡ በላይ ያለው ማሳ እየተስተካከለ፥ ተዳፋቱም እንደ ደረጃ እየሆነ ይሄዳል። ካቡን የሠራው ሰው ባይኖርም ልጁ በተደላደለ መሬት ላይ ያርሳል።

ካብ የሌለበት ማሳ ዕጣው የተለየ ነው። በክረምት መግቢያ፥ መሬቱ ታርሶ ገና ሣርም ቡቃያም ሳይሸፍነው፥ ኃይለኛ ዝናብ ይወርድበታል። እያንዳንዷ ጠብታ ልል የሆነውን አፈር ትመታና ትበትነዋለች። የተበተነው ደቃቅ አፈር ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን ውኃው መስረግ አቅቶት በላይ ላይ ይሮጣል። መጀመሪያ እንደ ክር ቀጭን የሆነ መሥመር ይቀድዳል፤ ቀጥሎ ፈሰስ ይሆናል፤ ካልተገታም ጥቂት ክረምት ሳይቆይ ከብት የሚውጥ ቦረቦር ይከፈታል። ገበሬው የሚያስተውለው ቦረቦሩን ነው። ይሁንና ከቦረቦሩ የሚበልጠው ጉዳት በየዓመቱ ከማሳው ገጽ ላይ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ የሚገፈፈው ነው። የእህል ምግብ የሆነው ሁሉ ያለው በዚያ በላይኛው ክፍል ስለሆነ፥ የቀረው መሬት መልኩ ሳይለወጥ ፍሬው ይቀንሳል። ከብዙ ዘመን በኋላም ጭንጫው ሲያገጥጥ ነገሩ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ግን ጊዜው አልፏል።

አፈርን ከመታጠብ ማዳን አንድ ነገር ሲሆን ኃይሉን መመለስ ሌላ ነገር ነው። እህል ከማሳ በታጨደ ቁጥር ከአፈሩ የወሰደውን ይዞ ይሄዳል። የማሽላው አገዳ ለማገዶ፥ ለአጥርና ለከብት መኖ ሲውል፥ የከብቱ ፋንድያ ደግሞ ደርቆ ኩበት ሲሆንና ሲነድ፥ ወደ መሬት የሚመለስ ነገር አይኖርም። ፍግ በማሳ ላይ ቢበተን፥ ባቄላ፥ ሽምብራ ወይም አደንጓሬ ከማሽላና ከገብስ ጋር ቢፈራረቅ መሬቱ ያገግማል። የእነዚህ ጥራጥሬዎች ሥር ትናንሽ እባጮች አሉት፤ በእባጮቹ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ያቀርባሉ። ገበሬው ናይትሮጅን የሚለውን ቃል ሳይሰማ ከባቄላ በኋላ የተዘራ ገብስ እንደሚያምር ያውቅ ነበር። የሚያግደው የዕውቀት ማነስ ብቻ አልነበረም። ማገዶ የሚሆን ዛፍ ከጠፋ ኩበቱን ማንደድ ግድ ነው። መሬቱም የራሱ ካልሆነ፥ ነገ ሊነቀል የሚችል ጭሰኛ ለሃያ ዓመት የሚያገለግል ካብ ለመካብ ድንጋይ የሚሸከምበት ምክንያት አይታየውም።

ይህ የመጨረሻው ነገር በጨርጨር አስተዳደር ፊት የቆመ እውነተኛ ችግር ነበር። አውራጃው ለምኒልክ መንግሥት ከገበረ ገና ብዙ ዘመን አላለፈውም፤ መሬቱ ለባለ ርስትና ለባለ ማዕረግ ተከፋፍሎ አራሹ ገባርና ጭሰኛ ሆኗል። ተክለ ሐዋርያት ግብርንና አስተዳደርን በሥርዓት ለማስያዝ ሞከሩ እንጂ የመሬቱን ባለቤትነት ከሥሩ የመለወጥ ሥልጣን አልነበራቸውም። እርሳቸውም ቢሆኑ የዘመኑ መኳንንት ክፍል ነበሩ። ስለዚህ የጨርጨር ምሳሌነት በአስተዳደር በኩል ሲያምር በመሬት በኩል በግማሽ መንገድ ላይ ቀረ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ከእርሳቸው በኋላ በ1920ዎቹ ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አውራጃውን ተረክበው መርተዋል።

ተክለ ሐዋርያት ወደ አዲስ አበባ ተጠርተው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። የጃፓንን ሕገ መንግሥት እንደ አብነት ይዘው ያዘጋጁት ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። ቀጥሎ ወደ አውሮፓ ተልከው በፓሪስ መልእክተኛ፥ በጄኔቭም በዓለም መንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ ወኪል ሆኑ። በኅዳር ወር 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ከተነሣ በኋላ የአገራቸውን አቤቱታ በዚያ ሸንጎ ፊት አቀረቡ። ውጤቱ የታወቀ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም በጅቡቲ ስደተኛ ሆኑ።

ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ የገንዘብ ሚኒስቴሩም፥ ሕገ መንግሥቱም፥ የጄኔቭ ሸንጎም ከእጃቸው ወጥተው ነበር። በጅቡቲ ሆነው ወደ ምዕራብ ቢመለከቱ የባቡሩ ሐዲድ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጨርጨር ግርጌ እንደሚሄድ ያውቃሉ። በዚያው ሐዲድ ላይ አሁን የኢጣሊያ ወታደር ይጓዛል። ኢጣሊያ ጅቡቲን ራስዋንም ትመኝ ስለ ነበር ከተማዪቱ ለኢትዮጵያዊ ስደተኛ የማታስተማምን ሆነች። ከዚህም የተነሣ ተክለ ሐዋርያት ከአፍሪካ ምድር ወጥተው በመጨረሻ በማዳጋስካር ደሴት ተቀመጡ፤ የስደት ዘመናቸውንም አብዛኛውን ክፍል በዚያ አሳለፉ።

ዕድል የጣላቸው ደሴት የአፈርን ነገር ለማስተዋል ከዚያ የሚሻል አይገኝም። የማዳጋስካር መካከለኛ ደጋ ቀይ አፈር ነው። ነዋሪዎቹ በሸለቆው ውስጥና በጎኑ ሩዝ የሚበቅልባቸውን እርከኖች በብዙ ትውልድ ድካም ሠርተዋል። በአንጻሩ ደግሞ በብዙ ቦታ ደኑ እየተመነጠረና እየተቃጠለ ይታረሳል፤ ጥቂት ዓመት ከታረሰ በኋላም ይተዋል። የተራቆቱት ኮረብታዎች ጎናቸው ተቀድዶ ላቫካ የሚባል ግዙፍ ቦረቦር ይከፈትባቸዋል። በዝናብ ወራት ወንዞቹ ቀልተው ይወርዳሉ፤ ከነዚህም ቤትሲቦካ የሚባለው ወንዝ ከባሕሩ ሲገባ ባሕሩን ሩቅ ድረስ ያቀላዋል። በአንድ ደሴት ላይ፥ በአንድ ሕዝብ እጅ፥ አፈርን ለዘመናት የጠበቀ እርሻና አፈርን በጥቂት ዓመት የጨረሰ እርሻ ጎን ለጎን ይታያሉ።

በ1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ነጻ ስትወጣ ብዙዎች ስደተኞች ተመለሱ። ተክለ ሐዋርያት ግን አልተመለሱም። በ1934 ዓ.ም. እንግሊዞች ማዳጋስካርን ወርረው ከጀርመን ወዳጅ ከሆነው የፈረንሳይ አስተዳደር ሲያስለቅቁም በዚያው ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ በባዕድ አገር መቆየታቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የነበራቸው ቅራኔ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ይጠቁማል። በዚህ መካከል ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ.ም. አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ መጽሐፍ አሳተሙ። የመጽሐፉ ዋና ሰው በፈረንሳይ አገር እርሻ ተምሮ አገሩን ለማገልገል የሚመለስ ወጣት ነው። አባት በስደት ሳሉ ልጅ ስለ እርሻ ምሁር መጻፉ የአጋጣሚ ነገር አይመስልም።

ፊታውራሪው ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1940ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ፥ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። በዚያ ዕድሜ የሚጠበቅባቸው በአዲስ አበባ ተቀምጠው የሹመት ደጅ መጥናት፥ ካልሆነም ጡረታ ነበር። እርሳቸው የመረጡት ግን ወደ ጨርጨር መመለስ ነው። ከአሰበ ተፈሪ በስተምሥራቅ በምትገኘው በሂርና ተቀምጠው በእርሻ ይተዳደሩ ጀመር። የሕይወት ታሪካቸውንም በእጃቸው ጽፈው አቆዩ። ጽሑፉ ከሞቱ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጥቷል።

ያገኙት ጨርጨር የተዉት ጨርጨር አልነበረም። ሕዝቡ በዝቷል፤ ቀድሞ ደን የነበረው ተዳፋት ታርሷል፤ እርከን ያልተሠራለት ቁልቁለት ሳይቀር ማሽላ ይዘራበት ጀምሯል። ለማሽላ ተብሎ የሚቆፈረው ቁልቁለት ዝናብ ሲጀምር ራቁቱን የሚቆም ነው። የቡናና የጫት ተክል ዓመቱን ሙሉ በሥሩ አፈር ይዞ ስለሚቆይ ከዚህ የተሻለ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሰው ቡናና ጫት በልቶ አያድርም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በሌሎችም አውራጃዎች የደረሰው ረሃብ የደጋው መሬት መድከም የአንድ አውራጃ ነገር አለመሆኑን ለዓለም ሁሉ ገለጠ። ከዚያ በኋላ ነው፥ በምግብ እህል ክፍያ፥ እርከን የመሥራትና ችግኝ የመትከል ሰፊ ዘመቻ በኢትዮጵያ የተጀመረው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ዘጠና ዓመት አልፏቸው በሕይወት ነበሩ። አዋጁ ጭሰኝነትን ሰረዘ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደውም መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ከሃምሳ ዓመት በፊት የጨርጨር አስተዳዳሪ ሳሉ ሊነኩት ያልቻሉት ነገር በአንድ ቀን ሲገለበጥ አዩ ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን አስተዳዳሪ ሳይሆኑ ባለ መሬት ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሚያዝያ ወር 1969 ዓ.ም. ዐረፉ። ለሞት የበቁት ጅቡቲ ላይ ስደተኛ ከሆኑ አርባ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ከሞታቸው በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቆይ፥ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፥ የኢትዮጵያ የእርሻ ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎችን በልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር አቋቋመ። ከጣቢያዎቹ አንዱ፥ ሁንዴ ላፍቶ የሚባለው፥ በጨርጨር ደጋ ላይ ነው፤ ሌላው፥ አንዲት ጥድ፥ በተወለዱበት በሰሜን ሸዋ ደጋ ይገኛል። በጣቢያዎቹ ውስጥ ማሳዎች በልክ ተከልለው፥ ከእያንዳንዱ ማሳ የሚወርደው ጎርፍ ከግርጌው በተቀመጠ ገንዳ ይጠራቀም ነበር። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሠራተኞች ውኃውን ይለካሉ፤ የዘቀጠውንም አፈር አድርቀው ይመዝናሉ። ከዚህ ሥራ በተገኘው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረስ አንድ ሄክታር መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር ይታጠባል፤ ይህም ከማሳው ገጽ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ያህል መገፈፉ ነው። በዚያው ዓመት አዲስ የሚፈጠረው አፈር ደግሞ እንደ ቦታው ጠባይ ከ2 እስከ 22 ቶን ቢሆን ነው። በሁንዴ ላፍቶ የተመዘነው ከዚያው ከጨርጨር ተራራ የወረደ፥ ፊታውራሪው በወጣትነት የገዙት፥ በስተርጅና ያረሱት አገር አፈር ነበር።